አዛዥ የሌለው መንጋ፦ ከ28 ገጽ ጽሑፍ እስከ ሮቦቶች

የዶክትሬት ማሟያ ጽሑፍ ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው በጠንካራ ሽፋን የተጠረዘ፣ በር ለመደገፍ የሚበቃ ጥራዝ ነው። ጆን ናሽ በ1950 ለፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ያስገባው ግን 28 ገጽ ብቻ ነበር (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዋቢ ያደረጋቸውም ሁለት ጽሑፎችን ብቻ ነው፤ አንደኛው ጆን ቮን ኖይማንና ኦስካር ሞርገንሽተርን የጻፉት መጽሐፍ፣ ሁለተኛው የራሱ አጭር ጽሑፍ። ሲጽፈው ዕድሜው 21 ነበር። ስለ ሕመሙና በ1994 ስላገኘው የኖቤል ሽልማት በ2001 የወጣው ፊልም ብዙ ስላለ እዚያ ላይ አንቆይም። እኛን የያዘን ሌላ ጥያቄ ነው፦ ያቺ ቀጭን ጽሑፍ ለዓመታት የኢኮኖሚ ምሁራን መመላለሻ ሆና ከቆየች በኋላ፣ ሮቦት የሚሠሩ መሐንዲሶች እጅ እንዴት ገባች?

በአማርኛ ጨዋታ ማለት ወሬም ነው፤ እንግዳን «ተጫወት እንጂ» ስንለው አፍህን ክፈት ማለታችን ነው። የናሽ ጨዋታ ግን ወሬ የሌለበት ነው። ከእሱ በፊት ቮን ኖይማን አንዱ ያተረፈውን ያህል ሌላው የሚከስርበትን የሁለት ሰዎች ጨዋታ በ1928 ፈትቶት ነበር፤ ተጫዋቾቹ ሲበዙ ደግሞ ዋናው ነገር ማን ከማን ጋር ይቧደናል የሚለው ሆነ። ናሽ ቡድኑን ተወው። ማንም ከማንም ጋር ሳይዋዋል እያንዳንዱ ለራሱ ብቻ ቢያስብ የት ላይ ይቆማሉ? ብሎ ጠየቀ። ተጫዋቾቹም ምርጫዎቹም ውሱን እስከሆኑ ድረስ፣ በዕጣ መምረጥም ከተፈቀደ፣ ሌሎቹ ባሉበት ቢቀሩ ማንም ብቻውን ሐሳቡን ቀይሮ የማይጠቀምበት ቦታ ሁልጊዜ እንዳለ አረጋገጠ። ይህን ለቮን ኖይማን ሊያስረዳ ሲሄድ ታላቁ ሰው የታወቀ የሒሳብ ቲዎረም ነው ብሎ እንዳጣጣለበት ሲልቪያ ናሳር በ1998 ባወጣችው የሕይወት ታሪኩ ላይ ተርካለች። በሒሳቡ በኩል እንኳ ቮን ኖይማን ያለምክንያት አልተናገረም፤ ማረጋገጫው አጭር ነው። ጥያቄውን ግን ከናሽ በፊት እንዲህ አድርጎ ያነሳው አልነበረም።

ችግሩ ወዲያው ታየ። በዚያው በ1950 መጀመሪያ ላይ ሜሪል ፍለድና ሜልቪን ድሬሸር ካሊፎርኒያ በሚገኘው ራንድ የተባለ የጥናት ተቋም ሁለት ወዳጆቻቸውን አንድ ጨዋታ 100 ጊዜ አጫወቱ። ሁለቱ ቢተባበሩ ሁለቱም ያተርፋሉ፤ ሆኖም ሌላው የፈለገውን ቢያደርግ ለእያንዳንዱ መክዳቱ ይሻለዋል። በናሽ ስሌት መካካድ ነው የሚጠበቀው። ከ100ው ዙር በ60ው ግን ሁለቱም ተባበሩ። ናሽ 100ው ዙር አንድ ረጅም ጨዋታ እንጂ 100 ጨዋታ አይደለም ሲል ተከራከረ፤ ክርክሩ ደካማ አይደለም። የናሽ አማካሪ የነበረው አልበርት ታከር ነገሩን የሁለት እስረኞች ተረት አድርጎ ካቀረበው በኋላ «የእስረኞች አጣብቂኝ» የሚል ስም ወጣለት። ከዚያ ወዲህ ሚዛን የያዘ ነገር ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይቻልም።

ይህን ከእስረኞቹ ይልቅ መንገድ ያሳየናል። ጀርመናዊው የሒሳብ ሰው ዲትሪሽ ብራስ በ1968 ያነሳው ሐሳብ ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት እንዲህ ይቀርባል። 4000 መኪኖች ከአንድ ቦታ ተነስተው ወደ ሌላ ይሄዳሉ። ሁለት መንገድ አለ፤ እያንዳንዱ ግማሹ ሰፊ፣ ግማሹ ጠባብ ነው። ሰፊው ሁልጊዜ 45 ደቂቃ ይፈጃል። ጠባቡ የሚፈጀው በገቡበት መኪኖች ልክ ነው፤ 2000 ከገቡ 20 ደቂቃ፣ 4000 ከገቡ 40። መኪኖቹ እኩል ለእኩል ሲካፈሉ ሁሉም በ65 ደቂቃ ይደርሳል። አሁን ከንቲባው ደግ አስቦ ሁለቱን ጠባቦች የሚያገናኝ፣ ጊዜ የማይፈጅ አቋራጭ ይሥራ። ሁሉም ወደ አቋራጩ ይጎርፋል፤ 40 ሲደመር 40፣ 80 ደቂቃ። ወደ ድሮው መንገድ ብቻውን የሚመለስ ሾፌር 85 ደቂቃ ስለሚፈጅበት የሚመለስ የለም። አዲስ መንገድ ተሠርቶ ሁሉም ሰው 15 ደቂቃ ዘገየ ማለት ነው፤ ያጠፋ ሰው ግን የለም። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በ2002 ዶክትሬቱን የያዘው ቲም ራፍጋርደን ከኤቫ ታርዶሽ ጋር ሆኖ የዚህን ጥፋት ልክ አስቀመጠለት፦ የመንገዱ ጊዜ ከመኪናው ብዛት ጋር በቀጥታ መስመር እስካደገ ድረስ፣ ለራስ ብቻ ማሰብ የሚያስከትለው ጊዜ አዛዥ ቢኖር ሊገኝ ከሚችለው ምርጥ ጊዜ ከ4/3 አይበልጥም።

የቁጥጥር መሐንዲሶች ደግሞ በሌላ በር መጡ። ሙያቸው ለረጅም ጊዜ የቆመው አንድ አእምሮ ሁሉን ያያል፣ ሁሉን ያዛል በሚል ግምት ላይ ነበር። በዚያው በ1968 ሃንስ ዊትሰንሃውዘን አእምሮውን ለሁለት ከፈለው። ሁለት መቆጣጠሪያዎች አንድን ነገር ወደ ዜሮ ያደርሳሉ። የመጀመሪያው ነገሩ ያለበትን በትክክል ያያል፣ መግፋቱ ግን ያስከፍለዋል፤ ሁለተኛው በነጻ ይገፋል፣ የሚያየው ግን በጭጋግ ነው። መነጋገር አይችሉም። የሚጠበቀው ቀላሉ ስሌት እዚህ ላይ ምርጥ እንዳልሆነ አሳየ፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ሲገፋ ግፊቱ ራሱ ለሁለተኛው መልእክት ይሆንለታል። ወሬ በተከለከለበት በእጅ ማውራት! የዚህች የሁለት ደረጃ ጥያቄ ትክክለኛ ምርጥ መልስ እስከ ዛሬ በማረጋገጫ አልተዘጋም።

ጆን ቲሲክሊስ በ1984 ለኤምአይቲ ባስገባው የዶክትሬት ጽሑፍ፣ እያንዳንዱ ማሽን የጎረቤቶቹን ግምት ከራሱ ጋር እያማከለ ቢሄድ፣ መልእክት ቢዘገይም እንኳ ሁሉም አንድ ሐሳብ ላይ የሚደርሱበትን ሁኔታ አጠና። በ1995 የሃንጋሪው ፊዚሲስት ታማስ ቪቼክና ባልደረቦቹ በኮምፒዩተር ላይ ነጥቦችን እንደ ወፍ መንጋ አበረሩ፤ በ2003 ደግሞ ጃድባባይ፣ ሊንና ሞርስ መንጋው ያለ መሪ ለምን አንድ አቅጣጫ እንደሚይዝ በሒሳብ አስረዱ።

እዚህ ላይ ማንም ይጠይቃል፤ ሮቦት ራስ ወዳድ አይደለም፣ ታዲያ ናሽ ምን ይሠራል? ጄሰን ማርደን በጄፍ ሻማ አማካሪነት በ2007 በዩሲኤልኤ ዶክትሬቱን የሠራበት መስመር መልሱን ይዟል። ሮቦቱ ራስ ወዳድ ይሁን፤ የሚወደውን ግን መሐንዲሱ ይጻፍለት። ሁለት ካሜራ የያዙ ሮቦቶች ሜዳ ይጠብቃሉ እንበል። ባዩት ልክ ከተከፈላቸው ሁለቱም ምርጡ ቦታ ላይ ይታከካሉ። «አንተ ባትኖር ምን ያህል ይጎድል ነበር?» ተብሎ ከተከፈላቸው ግን ተደርበው ሲቆሙ የሁለቱም ደመወዝ ዜሮ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ተነስቶ ማንም የማያየውን ጥግ ይይዛል። ዶቭ ሞንደረርና የታከር ሌላው ተማሪ ሎይድ ሻፕሊ በ1996 ባጠኑት መሠረት፣ እንዲህ ባለ ጨዋታ አንዱ ለራሱ ሲያሻሽል የጋራው ውጤትም አብሮ ይሻሻላል። ትንሽ ኮረብታ ላይ ደርሶ ተራራ ነው ብሎ የመቆም አደጋ አለ፤ ለዚህም ሮቦቱ አልፎ አልፎ ሆን ብሎ የማይጠቅመውን እንዲመርጥ ይደረጋል። ይህ ዘዴ ከሁሉም በላይ ደስ ብሎናል።

የ4000ዎቹን ሾፌሮች ፍላጎት ግን የሚጽፍላቸው የለም። ቅርቡ መንገድ ዋጋ ማስከፈል ነው። ስቶክሆልም በ2006 ለሰባት ወር ወደ መሀል ከተማ በሚገቡና በሚወጡ መኪኖች ላይ ክፍያ ሞከረች፤ ትራፊኩ በ20 በመቶ ገደማ ቀነሰ። በመስከረም ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ የከተማይቱ ነዋሪዎች በጠባብ ልዩነት ደገፉት፣ በ2007ም ቋሚ ሆነ። ድምፅ በሰጡት አጎራባች ወረዳዎች ግን የበዛው ድምፅ ተቃውሞ ነበር፤ ወደ ከተማው በመኪና የሚመጡት እነሱ ናቸውና።