ከ«አታፍርሱን» እስከ «ለምን አላሸነፍንም?»፦ የኮናክት ራግቢ ደጋፊዎች ሲቃኙ

የአንድን ቡድን ታሪክ በዋንጫዎቹ መጻፍ የተለመደ ነው። የኮናክትን ታሪክ በዚህ መንገድ የጀመረ ጸሐፊ ግን ከአንድ አንቀጽ አያልፍም፤ በ140 ዓመት ዕድሜው ያነሳው ታላቅ ዋንጫ አንድ ብቻ ነውና። ይህን የምዕራብ አየርላንድ የራግቢ ቡድን በቅጡ ለማወቅ የተሻለው መንገድ ደጋፊዎቹ በየዘመኑ ያሰሙትን ቅሬታ መከተል ነው። የውድድር ዘመኑ ሲያበቃ ምን ጎደለ አሉ? ከተጫዋቾቹ ማን በጥሩ አቋም ላይ ነበር፣ የማንስ ብቃት ወረደ? መልሱ ከትውልድ ትውልድ ተለዋውጧል። በእኔ እምነት የዚህ ቡድን እድገት ከሁሉ በላይ የሚነበበው በዚሁ የቅሬታ ለውጥ ውስጥ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምድሩና ጨዋታው

በአየርላንድ ፕሮፌሽናል ራግቢ የሚጫወቱት አራት የወንዶች ቡድኖች ናቸው፤ አራቱም የደሴቲቱን ጥንታዊ ክፍላተ ሀገር ስም ይዘው በ1879 በተመሠረተው የአየርላንድ ራግቢ ፌዴሬሽን ሥር ይተዳደራሉ። ሌንስተር ደብሊንንና ተጫዋች የሚያፈሩ ስመ ጥር የግል ትምህርት ቤቶቿን ይዟል። መንስተር ሊመሪክ አለችው፤ ራግቢ የወዛደሩም የሐኪሙም ጨዋታ የሆነባት ከተማ። አልስተር ቤልፋስትን ይዟል። ለኮናክት የደረሱት ጎልዌይ፣ ሜዮ፣ ሮስኮመን፣ ስላይጎና ሊትሪም የተባሉ አምስት አውራጃዎች ናቸው፤ የሕዝባቸው ቁጥር ተደምሮ 600 ሺህ አይሞላም።

አብዛኛው መሬት ድንጋያማና ረግረጋማ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የክሮምዌል መንግሥት ርስታቸውን የነጠቃቸውን ካቶሊክ ባለመሬቶች ያሰደደው ወደዚያ ነበር። በ1845 የጀመረው የድንች ረሃብ ክፉኛ ከመታቸው አካባቢዎች አንዱም ይኸው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ልጆቹ እንጀራ ፍለጋ ወደ እንግሊዝና አሜሪካ ሲፈልሱ ኖረዋል። የቀረው ሕዝብ ደግሞ ልቡ ከአገር በቀሎቹ ጨዋታዎች፣ ከጌሊክ እግር ኳስና ከሃርሊንግ ጋር ነበር። እነዚህን ጨዋታዎች የሚመራው ማኅበር እስከ 1971 ድረስ አባላቱ ራግቢን የመሰለ «የባዕድ ጨዋታ» እንዳይጫወቱ፣ ለማየትም እንዳይገቡ ከልክሎ ነበር። በ1885 የተደራጀው የኮናክት ራግቢ ሥር መስደድ የነበረበት በዚህ ሁሉ መካከል ነው።

«ቁጠሩን»

ከዚያ በኋላ ለ110 ዓመታት ጨዋታው አማተር ነበር። ከሌሎቹ ሦስት ክፍላተ ሀገር ጋር መጋጠም፣ አልፎ አልፎ ለጉብኝት የመጣ የውጭ ቡድን ማስተናገድ፣ በአብዛኛውም ተሸንፎ መመለስ፤ የኮናክት የውድድር ዘመን ከዚህ ብዙም አይርቅም ነበር። የዚያ ዘመን ቅሬታ አለመቆጠር ነው። ጎበዝ ልጅ ሲወጣ ሥራውም ትምህርቱም ወደ ምሥራቅ ይስበዋል። አየርላንድ በ1982 እና በ1985 እንግሊዝን፣ ስኮትላንድንና ዌልስን በአንድ ዓመት ስታሸንፍ አምበሏ የነበረው ኪረን ፊትዝጄራልድ የጎልዌይ አውራጃ ልጅ ነው። በ1983 የብሪታንያና የአየርላንድን ምርጦች፣ ላይንስን፣ በአምበልነት የመራውም እሱ ነው። ክለቡ ግን የደብሊኑ ሴንት ሜሪስ ነበር። አገሬው በልጁ ይኮራል፤ ስሙ ሲጠራ ግን አብሮ የሚጠራው ሌላ ከተማ ነው።

«አታፍርሱን»

በ1995 ራግቢ ደመወዝ የሚከፈልበት ሙያ ሆነ። በ1996 ዋረን ጋትላንድ የተባለ ወጣት ኒውዚላንዳዊ አሰልጣኝነቱን ተረከበ፤ በ1997 ኮናክት የእንግሊዙን ኖርዝሃምፕተን በሜዳውም ከሜዳው ውጪም አሸንፎ ብዙዎችን አስደነቀ። በ1998 ጋትላንድም ወደ ብሔራዊ ቡድኑ ተወሰደ። ለኮናክት የሚመደበው ገንዘብ ከሌሎቹ ያነሰ ነበር፤ ከላይ ሆነው የሚያዩትም ሌሎቹ ያልፈለጓቸው ወጣቶች የሚሞከሩበት ቦታ አድርገው ነበር።

በ2003 መጀመሪያ ፌዴሬሽኑ ወጪ ለመቀነስ ሲመክር፣ ኮናክትን እንደ ፕሮፌሽናል ቡድን መዝጋት ከቀረቡት አማራጮች አንዱ ሆነ። ወሬው ምዕራቡን አነቃነቀ። 2 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ደብሊን ገብቶ ወደ ፌዴሬሽኑ ዋና መሥሪያ ቤት ሰልፍ ወጣ። ውሳኔው ቀረ፤ ቡድኑም ተረፈ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ያን ጊዜ ማንም ስለ ደረጃ ሰንጠረዥ አልተከራከረም፤ የማን ብቃት እንደወረደ የጠየቀም አልነበረም። ጥያቄው በሚቀጥለው ዓመት የምንተቸው ቡድን ይኖረናል ወይ የሚል ነበር። ዛሬ የኮናክት ደጋፊ ስለ ቡድኑ ሲናገር ድምፁ ላይ የባለቤትነት ቃና ካለ፣ ምንጩ ይህ ሰልፍ ነው።

የሙልዱን ዘመን

በዚያው ዓመት ከሃርሊንግ አገር፣ ከጎልዌይ አውራጃዋ ፖርተምና የመጣ ጆን ሙልዱን የሚባል ወጣት የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ። እስከ 2018 ድረስ ለኮናክት 327 ጊዜ ተሰለፈ። ለአየርላንድ የተሰለፈው 3 ጊዜ ብቻ ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት የኮናክት ደጋፊ ተጫዋችን በምን ሚዛን እንደሚለካ ያሳያል። በራግቢ የአንድ ተጫዋች አቋም ባስቆጠረው ነጥብ ብቻ አይታወቅም። ስምንት ስምንት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተያይዞ በሚገፋፋበት ስክረም ውስጥ ማን እንደጸና፣ በ70ኛው ደቂቃ በጭቃ ውስጥ ከወደቀበት ተነስቶ ሁለተኛውን ሰው ማን እንደጣለ የሚያየው ዓይኑን ያሠለጠነ ተመልካች ነው። በጎልዌዩ ስፖርትስግራውንድ፣ የውሾች መሮጫ መም በሚከበው በዚያ ነፋሻ ሜዳ ዳር፣ ለዓመታት ዝናብ እየወረደበት የቆመው ሕዝብ ሙልዱንን የመዘነው በዚህ ነበር።

ድሉ ዘግይቶ መጣ። ሌንስተር በ2011 የአውሮፓ ሻምፒዮን ሲሆን ለአየርላንድ አንድ ተጨማሪ ቦታ ተገኘ፤ ኮናክትም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ታላቁ የአውሮፓ ዋንጫ ውድድር በባላንጣው ድል ገባ። በዚያ የውድድር ዘመን ከ10 በላይ ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ። በጥር 2012 ግን የቀድሞው ኮከብ ኤሪክ ኤልዉድ የሚያሠለጥነው ቡድን፣ ያን ዓመት የእንግሊዝ ሻምፒዮን የሆነውን ሃርለኩዊንስን ጎልዌይ ላይ 9 ለ 8 ረታ። በታኅሣሥ 2013 አራት ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን የነበረውን ቱሉዝን በገዛ ሜዳው 16 ለ 14 አሸነፈ። ቅሬታውም መልኩን ቀየረ። «እንኑር» ያለው ሕዝብ «ቱሉዝን ከረታን የቀሩትን ለምን አንረታም?» ማለት ጀመረ።

2016

መልሱን የሰጠው ፓት ላም ነው። ይህ የቀድሞ የሳሞአ አምበል በ2013 ሲመጣ ተጫዋቾቹ ኳሱን እየረገጡ ከማራቅ ይልቅ ከገዛ መስመራቸው ሥር ሳይቀር በእጅ እየተቀባበሉ እንዲወጡ አስተማረ። በኅዳር 2015 ለአውሮፓ ውድድር እስከ ሳይቤሪያዋ ክራስኖያርስክ ተጓዙ፤ በዚያው ወር መጨረሻ መንስተርን በሊመሪኩ ቶመንድ ፓርክ አሸነፉ፤ ከ1986 ወዲህ እዚያ ድል አልነበራቸውም። በግንቦት 2016 በሚወዳደሩበት ሊግ ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን የነበረውን ግላስጎውን በግማሽ ፍጻሜ 16 ለ 11 ጣሉ። ግንቦት 28 ቀን ኤደንብራ ላይ በተደረገው ፍጻሜ ሌንስተርን 20 ለ 10 አሸንፈው ዋንጫውን አነሱ። ኳሱን ከመስመሩ ባሻገር መሬት አስነክተው ሦስቱን ትራይ ያስቆጠሩት የጎልዌዩ ልጅ ቲርነን ኦሃሎራን፣ ናይጄሪያ የተወለደው ኒዪ አዴኦሎኩንና የደብሊኑ ማት ሂሊ ናቸው። የውድድር ዘመኑ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠው ደግሞ ኦክላንድ ተወልዶ ያደገው ባንዲ አኪ ነው። ከ1885 ጀምሮ ሲጠበቅ የነበረውን ዋንጫ አገሬውና እንግዳው አብረው አመጡት።

«ለምን አላሸነፍንም?»

ከዋንጫው በኋላ አዲስ ቅሬታ ተወለደ፤ ከቀደሙት ሁሉ የሚከብደውም ይህ ነው። ኮናክት ገና በለጋ ዕድሜው ያሰለፈው ሮቢ ሄንሾ ከፍጻሜው በኋላ ራሱ ወደ ረታው ሌንስተር ሄደ። ላም በ2017 ወደ እንግሊዙ ብሪስቶል ተሻገረ። ቡድኑ ከዋንጫው በማግስቱ ዓመት 12 ቡድኖች ባሉበት ሊግ 8ኛ ወጣ። ትንሽ ክፍለ ሀገር የሚደግፍ ሰው አንድ ወጣት በጥሩ አቋም ላይ ሲመጣ ደስታውን ሙሉ አድርጎ አይደሰትም፤ ብሔራዊ ቡድኑ በሊጉ ወሳኝ ሳምንታት ይወስደዋል፣ ሀብታሙ ጎረቤትም ያየዋል። በአንዱ ተጫዋች መልካም አቋም የጠቅላላው ቡድን ዓመት ሊጎዳ ይችላል።

የ2024-25 የውድድር ዘመን ይህን ተቃርኖ ቁልጭ አድርጎ አሳየ። አኪ፣ ማክ ሃንሰንና ፊንሌይ ቢልሃም ሦስቱም ወደ አውስትራሊያ ለሚጓዘው ላይንስ ተመረጡ፤ ቡድናቸው ግን በሊጉ ሰንጠረዥ ታችኛው አጋማሽ ላይ ጨረሰ። ሦስት የላይንስ ተጫዋች ይዞ እንዴት ይህ ሆነ? ደጋፊው ይህን መጠየቁ ተገቢ ነው። ከዋክብቱ ለአገር ሲጫወቱ የሚተካቸው ተቀያሪ ጥልቀት፣ በመጨረሻ ደቂቃዎች የሚባክኑ ነጥቦች፣ የአሰልጣኞች መፈራረቅ፤ ክርክሩ የሚያጠነጥነው በእነዚህ ላይ ነው። ከ2025-26 ጀምሮ ኃላፊነቱን የያዘው የቀድሞው የእንግሊዝ አሰልጣኝ ስቱዋርት ላንካስተር፣ በሌንስተር የስኬት ዘመን የነበረ ሰው በመሆኑ የሚጠበቅበት ነገር ከፍ ብሏል።

በመጋቢት 2025 ኮናክት መንስተርን የገጠመው ሜዮ ውስጥ፣ ካስልባር በሚገኘው የጌሊክ እግር ኳስ ሜዳ ነው። 27 ሺህ ገደማ ሕዝብ ገባ። ከ1971 በፊት አባሉ ራግቢ እንዳያይ የከለከለ ማኅበር ሜዳ ላይ፣ የራግቢ ቡድኑ እጅግ ብዙ ተመልካች ሰበሰበ። መንስተር 30 ለ 24 አሸነፈ፤ ደጋፊውም ወደ ቤቱ የተመለሰው ሊወሰድ ይችል የነበረ ጨዋታ አመለጠ እያለ ነው።

በዚህ ንዴት የሚያዝኑ ሰዎች አሉ፤ 2003ን ያየ ሕዝብ በመኖሩ ብቻ ማመስገን አለበት ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ምስጋና ብቻ የሚጠበቅበት ደጋፊ ቡድኑን እንደ ምጽዋት የተቀበለ ደጋፊ ነው፤ የኮናክት ሰዎች ግን ደብሊን ድረስ የሄዱት ምጽዋት ሊለምኑ አልነበረም። የታገሉለት መብት ከሌሎቹ ሦስቱ እኩል የመመዘን መብት ነው፤ እኩል የሚመዘን ቡድን ደግሞ እኩል ይወቀሳል። በእኔ ግምት ለኮናክት አደገኛው የውድድር ዘመን ደጋፊው ተሸንፎ ሳይቆጣ የሚወጣበት ነው፤ እስካሁን እንዲህ ያለ ዓመት አልመጣም።