የቀለም ውል

አንድ ኤዲተር ብዙ ሰዓት የደከመበትን ቪዲዮ ኤክስፖርት አድርጎ በሌላ ስክሪን ሲከፍተው፣ ጥቁሩ ግራጫ ሆኖ፣ የሰዎቹ ፊት ገርጥቶ ቢያገኘው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሶፍትዌሩን ነው። የሙያው ታሪክ ግን ሌላ ጥፋተኛ ያሳያል። የምስል ቀለም ላኪና ተቀባይ የሚገቡት ውል ነው፤ ውሉን አንዱ ወገን ካላከበረው ወይም ከምስሉ ጋር አብሮ ካልተላከ ቀለሙ ይለወጣል። ይህ ደግሞ ኮምፒውተር ወደ ስቱዲዮ ከመግባቱ ብዙ ቀድሞ የታየ ነገር ነው።

አሜሪካ ኤንቲኤስሲ የተባለውን የቀለም ቴሌቪዥን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1953 ስታጸድቅ ቀዩ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው የትኞቹ እንደሆኑ በቁጥር ተወስኖ ነበር። ነገር ግን በዚያ ልክ የተሠሩት ቴሌቪዥኖች ብርሃናቸው ደካማ ስለነበር ፋብሪካዎቹ ይበልጥ ወደሚያበራ ፎስፈር ዞሩ። (ፎስፈር የሚባለው በቴሌቪዥኑ መስታወት ውስጠኛ ገጽ ላይ ተቀብቶ ኤሌክትሮን ሲያርፍበት የሚበራው ነገር ነው።) የስቱዲዮ ሞኒተሮችም ተከተሏቸው። ሕጉ በወረቀት ላይ እንዳለ፣ ገበያው የራሱን ቀይና የራሱን አረንጓዴ ይዞ ነጎደ፤ የፊልምና የቴሌቪዥን መሐንዲሶች ማኅበር በተግባር የሚሠራበትን ፎስፈር በመመሪያ ያጸናው በ1987 ነው። በዚህ ላይ የኤንቲኤስሲ የቀለም ምልክት በጉዞ ላይ ትንሽ ሲዛነፍ የሰው ፊት ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሐምራዊ ያደላ ነበር። ለዚህ የተገኘው መላ በቴሌቪዥኑ ላይ የቀለም ማስተካከያ ማዞሪያ ማኖር ሆነ፤ ያ ማለት ፍርዱን ለየቤቱ መተው ነው። ጀርመናዊው ቫልተር ብሩክ በቴሌፉንከን ኩባንያ የፈለሰፈው ፓል የተባለው ሥርዓት የቀለሙን አንድ ክፍል በየመስመሩ እየገለበጠ ስሕተት ስሕተትን እንዲያጠፋ አደረገ። ብሪታንያና ምዕራብ ጀርመን በ1967 በፓል የቀለም ሥርጭት ጀመሩ፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም ከጥቁርና ነጭ ወደ ቀለም ሲሸጋገር የያዘው ይህንኑ ሥርዓት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ብልህ ሆኖ የማገኘው መፍትሔ ግን ከለር ባር ነው። በቴፑ መጀመሪያ ላይ የሚቀዳው ይህ ባለቀለም ሰንበር ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ስለሚጓዝ፣ የሚቀበለው ቴክኒሽያን መሣሪያውን በእርሱ ያስተካክላል፤ ውሉ ከምስሉ ሳይለይ ይደርሳል ማለት ነው። እርግጥ መለኪያ ያለው ሁሉ ፍትሐዊ አይደለም። የኮዳክ ፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ለአሠርት ዓመታት ቀለም ያመዛዘኑት «ሸርሊ» በሚባለው ካርድ ላይ ባለች ነጭ ሴት ፊት ነበር፤ ማሽኑ ለእርሷ ሲስተካከል የጥቁር ሰው ፊት ዝርዝሩ ጠፍቶ ይታተም ነበር። ይህን እያነሣ መለኪያን ራሱን የሚጠላ ሰው ቢኖር ቅሬታው እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን አያስኬድም። በ1990ዎቹ የተለያየ ቆዳ ያላቸውን ሴቶች የያዙ ካርዶች መውጣታቸው እንደሚያሳየው፣ የጠበበ መለኪያ የሚድነው ሲሰፋ እንጂ ሲጣል አይደለም።

«ዛሬ ሁሉም ዲጂታል ነው፤ ቁጥር በመንገድ አይዛነፍም» የሚል ይኖራል። ቁጥሩ አይዛነፍም፤ ትርጉሙ ግን ይዛነፋል። በቴሌቪዥን ልማድ ጥቁር 16፣ ነጭ 235 ነው፤ በኮምፒውተር ልማድ ጥቁር 0፣ ነጭ 255። የመጀመሪያውን በሁለተኛው ሕግ ያነበበ ማጫወቻ ጥቁሩን ግራጫ፣ ነጩን ደብዛዛ ያደርገዋል። ከዚህ የከፋው የጋማ፣ ማለትም በምልክቱና በብርሃኑ መካከል ያለው ዝምድና ጉዳይ ነው። በ1990 የወጣው ሬክ 709 የተባለው የኤችዲ ቴሌቪዥን መስፈርት ካሜራው ብርሃንን እንዴት ወደ ምልክት እንደሚለውጥ ሲደነግግ፣ ስክሪኑ ምልክቱን እንዴት ወደ ብርሃን እንደሚመልስ አልወሰነም። ያ ክፍተት ቢቲ 1886 በተባለው መስፈርት የተሞላው በ2011 ነው። በነዚያ 21 ዓመታት ሁሉም በየፊናው ሠራ፤ በማክ ኮምፒውተሮች ልማድ እስከ 2009 ድረስ 1.8 የነበረው ጋማ በዚያ ዓመት ወደ 2.2 ተለወጠ። ዛሬ አንድ ፋይል በሁለት ማጫወቻዎች ሁለት መልክ ሲኖረው የምናየው የዚያን ጊዜ ውርስ ነው።

የተመልካቹ ስልክ እንደ ፍላጎቱ ደምቆ ወይም ፈዝዞ ስለሚታይ ድካሙ ከንቱ ነው የሚለው ሙግት ከበድ ይላል፤ የማንንም ስልክ ከስቱዲዮ ሆኖ ማስተካከል አይቻልምና። ነገር ግን በአንድ ስልክ ላይ የሚታየው መዛባት ለሁሉም ቪዲዮ አንድ ዓይነት ነው፤ ዓይንም ይለምደዋል። ከላኪው የመጣ ስሕተት ሲደረብበት ግን ያንተ ሥራ ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ ይገረጣል። ስለዚህ አንባቢዬ ኤዲተር ከሆንህ፣ በሬክ 709 የሠራኸውን ፋይል ከመላክህ በፊት ሦስቱን የቀለም መለያዎች ተመልከት፦ የመሠረታዊ ቀለማቱ፣ የብርሃን ሽግግሩና የማትሪክሱ (ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ወደ ቪዲዮ ምልክት የሚቀየሩበት ስሌት)። ሦስቱም ላይ ሬክ 709ን የሚያመለክተው 1 ቁጥር ተጽፎ ካላገኘህ አትላከው።