ያልቀናው ክንዴ

ሁለት እጆቼን ዘርግቼ መዳፌን ወደ ፊት ሳዞር አንድ ዓይነት አይደሉም። ቀኙ ከክርኑ በታች ትንሽ ወደ ውጭ ያዘነብላል። የእናንተም እንደዚያ ነው፣ አሁኑኑ ዘርግታችሁ እዩት። የእኔ ግራ ግን ወደ ውስጥ ገብቷል። ይሄ ጠማማነት ሞጆ ውስጥ በ7 ዓመቴ ከጎረቤት ዘይቱን ዛፍ ላይ ስወድቅ ያተረፍኩት ነው።

የወደቅኩት ማንም ልጅ እንደሚወድቀው ነው፤ እጄን ዘርግቼ መሬቱን ልይዘው ስል። አያቴ አየችኝና "ወለምታ ነው፣ ወጌሻ ጋ ውሰዱት" አለች። ሐኪም ቤት የሚባል ነገር ማንም አላነሳም። ለምን ይነሳል? "የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም" እያልን ያደግን ሰዎች ነን። ተረቱ ስለ ምላስ ቢሆንም የእጅ ወለምታ በቅቤ ታሽቶ እንደሚድን ግን ማንም አይጠራጠርም።

ወጌሻው ክንዴን በቅቤ አሸ፣ ጎተተ፣ የተሰነጠቀ ሸምበቆ ዙሪያውን ደርድሮ በጨርቅ አሰረው። "ጠበቅ ሲል ነው የሚይዘው" አለ። ማታ ጣቶቼ አበጡ። እኩለ ሌሊት ላይ ቀዝቅዘው ነጡ፤ እናቴ ቀጥ ልታደርጋቸው ስትሞክር ሰፈሩ እስኪሰማ ጮህኩ። ጎረቤታችን በጃንሆይ ጊዜ ድሬሰር የነበሩ ሽማግሌ ነበሩ። በነጠላቸው ተጠቅልለው መጡ፣ ጣቴን ዳሰሱ፣ ከዚያ ምንም ሳይሉ መቀስ አስመጥተው ማሰሪያውን ከላይ እስከ ታች ቆረጡት። "ይሄ እስኪነጋ ቢቆይ ኖሮ እጅ አይኖረውም ነበር" አሏት እናቴን። ሲነጋ አዳማ ሆስፒታል ነበርን።

ያን ሌሊት ክንዴ ውስጥ ምን እንደተካሄደ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ክርን አንድ መገጣጠሚያ ይመስላል እንጂ በአንድ ከረጢት ውስጥ ያሉ ሦስት ናቸው። የላይኛው ክንድ አጥንት ከታች ካሉት ሁለት አጥንቶች ጋር ይገናኛል፤ እነዚያም እርስ በርስ ይገናኛሉ። በትንሿ ጣት በኩል ያለው አጥንት እንደ በር ማጠፊያ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። በአውራ ጣት በኩል ያለው እየተሽከረከረ መዳፋችንን ይገለብጣል። እንጀራ ቆርሰን ስንጎርስ ሁለቱም ይሠራሉ። ከኋላ በውስጥ በኩል፣ ጠረጴዛ ጠርዝ ሲነካው እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝረን ነርቭ ያልፋል። ከፊት ለፊት ደግሞ እጅን በሙሉ የሚመግበው ደም ቅዳ አለ።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። የላይኛው ክንድ አጥንት ከክርን ትንሽ ከፍ ብሎ በጣም ይሳሳል። ከ5 እስከ 7 ዓመት ያሉ ልጆች ሲወድቁ ክርናቸው አካባቢ በብዛት የሚሰበረው እዚያ ነው። የተሰበረው ጫፍ ደም ቅዳውን ሊጫነው ይችላል። በላዩ ላይ እብጠት ይመጣል። እብጠቱ በጠባብ ማሰሪያ ሲታፈን ደም መድረስ ያቆማል፤ ጡንቻ ደግሞ ያለ ደም የሚቆየው ለሰዓታት ብቻ ነው። ከዚያ ወይ ይበሰብሳል፣ ወይ ደርቆ ጣቶቹን እንደ ጥፍር ቆልምሞ ያስቀራቸዋል።

ለብዙ ዓመታት ይሄ የእኛ ኋላ ቀርነት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ታሪኩን ሳነብ ግን አፈርኩ። ሆላንዳዊው የጦር ሐኪም አንቶኒየስ ማቲሰን በ1851 (እ.ኤ.አ.) ጀሶ የተነከረ ፋሻ ሠራ፤ አውሮፓም ስብራቱን በጀሶ ማሰር ጀመረ። በ1881 ደግሞ ጀርመናዊው ሪቻርድ ፎልክማን እጃቸው ቆልምሞ ስለቀረ በሽተኞች ጻፈ። ምክንያት ያደረገው የጠበቀ ፋሻን ነው። ጉዳቱ ዛሬም በስሙ ይጠራል። (ይሄው ሰው ፓሪስ በተከበበችበት ጊዜ ለልጆቹ ተረት ይጽፍ ነበር፤ መጽሐፉ ከቀዶ ሕክምናው ባልተናነሰ አስጠርቶታል።) ሸምበቆ ይሁን ጀሶ፣ ያበጠ ክንድ ልዩነቱን አያውቅም።

ወጌሻ ሞኝ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ማንም አይሄድበትም ነበር። ሕፃን እጁን ተይዞ ድንገት ሲጎተት፣ በአውራ ጣት በኩል ያለው አጥንት ራስ ከጅማት ቀለበቱ ሸርተት ይላል። ልጁ ያለቅሳል፣ እጁን አያንቀሳቅስም። የለመደ ሰው መዳፉን አዙሮ ክንዱን ሲያጥፈው "ቀጭ" ይልና ልጁ ወዲያው መጫወት ይጀምራል። ይህን ያየች እናት ለሁሉም ነገር ወጌሻ ብትል ምን ይገርማል? እኛ ጋ ኦሮምኛ ይነገራል፤ በኦሮምኛ "ኦጌሳ" ማለት ባለሙያ ማለት ነው። ከወጌሻ ጋር ድምፃቸው መቀራረቡ ለእኔ ደስ ይለኛል። የእግር ኳስ ቡድኖቻችንም ሜዳ የሚሮጠውን ሰው እስከ ዛሬ ወጌሻ ነው የሚሉት።

እንግሊዝም ወጌሾች ነበሯት። ታዋቂው ሐኪም ጄምስ ፓጄት በ1867 ወጌሾች ስለሚያድኗቸው በሽተኞች ንግግር አድርጎ፣ ባልደረቦቹ ጥሩ ጥሩውን እንዲማሩ፣ መጥፎውን እንዲተዉ መከረ። የእንግሊዝ አጥንት ሕክምና አባት የሚባለው ሂው ኦወን ቶማስም የወጌሻ ልጅ ነው፤ የአባቱን እጅ አይቶ አድጎ ሕክምና ተማረ።

እኛም ዘንድ ተሞክሯል። በ2005 (እ.ኤ.አ.) ዶክተር መኮንን እሸቴ በእንግሊዝ የአጥንት ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተመ። ለወጌሾች የአንድ ቀን ሥልጠና ተሰጠ፤ ከዚያ በኋላ በስብሰው የሚቆረጡ እጅና እግሮች ቁጥር ቀነሰ። አንድ ቀን ብቻ! ደጋግሜ አነበብኩት። የእኔ ወጌሻ ያን አንድ ቀን አላገኘም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ገንዘብ እንኳ አልጠየቀንም።

አጥንቴ ጠማማ ሆኖ ገጠመ፤ ጣቶቼ ግን ይኸው ይጽፋሉ። ባለፈው ክረምት እህቴ ከሞጆ ደወለች፤ ልጇ ከብስክሌት ወድቆ ክርኑ አብጧል። አያቴ ከጀርባ "ወጌሻ!" ስትል ይሰማኛል። እኔ መጀመሪያ የጠየቅኳት ሌላ ነገር ነው።

"ጣቱን ንኪው። ይሞቃል?"

"ይሞቃል።"

"ጣቶቹን ቀስ ብሎ ይዘርጋቸው እስቲ።"

ዝም አለች። ከዚያ "ዘረጋቸው" አለችኝ።

"እንግዲያው አትሹት፣ አትጎትቱት፣ ምንም አትሰሩበት። ሳይታጠፍ ሳይዘረጋ እንዳለ በነጠላ ደግፊውና ሐኪም ቤት ሂዱ። መንገድ ላይ ጣቱን እየነካሽ።"

አያቴ ስልኩን ተቀበለችኝ። "ያንተን ጊዜ ብናውቅ ኖሮ እኮ..." አለችና ሳትጨርሰው ቀረች።

"ማን ያውቅ ነበር እማዬ" አልኳት።