«ቀና ማለት»፦ ለፍሌር የሚሆን አማርኛ

አነስተኛ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ወደ ማኮብኮቢያው የምትመጣው አቀርቅራ ነው። ሴስና 172ን ብንወስድ፣ የክንፏን ፍላፕ ዘርግታ በ65 ኖት ገደማ፣ ማለትም በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ያህል እየበረረች በየሰከንዱ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ትወርዳለች። በዚሁ ከቀጠለች አስፋልቱን ቀድሞ የሚመታው የፊት ጎማዋ ነው። ይህ ጎማ ደግሞ እንዲህ ያለውን ምት ለመሸከም አልተሠራም። ስለዚህ አብራሪው ከ3 እስከ 6 ሜትር ከፍታ ላይ ሲደርስ መሪውን በዝግታ ወደ ራሱ ይስባል። አፍንጫዋ ይነሳል፣ ቁልቁለቱ ይለዝባል፣ ከክንፏ ሥር ያሉት ሁለቱ ዋና ጎማዎች ቀድመው ያርፋሉ። ይህን የጥቂት ሰከንዶች ሥራ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ፍሌር ይሉታል።

ቃሉ በራሱ ቋንቋም ብዙ አይናገርም፤ የእሳት መንቦግቦግን ወይም የቀሚስ ጫፍ ሰፋ ማለትን ነው የሚያስታውሰው። እኔ የማቀርበው አማርኛ «ቀና ማለት» ነው። ያቀረቀረ ሰው ራሱን ሲያነሳ ቀና አለ እንላለን፤ አውሮፕላኗም የምታደርገው ይህንኑ ነው። «ማቅናት» ያጥር ነበር፤ ነገር ግን «ወደ ጎንደር አቀናች» ሲባል መንገድ መያዟን ስለሚናገር በረራ ላይ ያምታታል። «ማለዘብ»ንም አስቤው ነበር። እሱ ውጤቱን እንጂ የእጁን ሥራ አይነግረንም።

ይህን ቃል ከሁሉ ያስመረጠኝ ዓይን ነው። ጀማሪ ተማሪ መሬቱ ሲቀርበው ዓይኑን ከአውሮፕላኗ አፍንጫ ሥር ይተክላል። እዚያ አስፋልቱ እየተምዘገዘገ ስለሚያልፍ ከፍታውን መለየት ያቅተዋል፤ ወይ ይዘገያል ወይ ደንግጦ መሪውን ይመነጭቃል። ዓይኑን ወደ ማኮብኮቢያው ማዶ ጫፍ ቢልክ ግን መሬቱ በግራና በቀኝ ከፍ እያለ ሲመጣ ያያል፣ ከፍታውንም በዚያ ይለካል። አሠልጣኙ «ቀና በል!» ቢለው በአንድ ቃል ለአውሮፕላኗም ለዓይኑም ነገረው ማለት ነው። ፍሌር ይህን አያደርግም።

ቀና ማለት ተመልሶ ሽቅብ መውጣት አይደለም። ሞተሩ ጉልበቱን ቀንሷል፣ ፍጥነትም እያለቀ ነው፤ ክንፉ ያጣውን ፍጥነት የሚያካክሰው ነፋሱን ይበልጥ ቀና ብሎ በመግጠም ነው። ስለዚህ መሪው አንዴ ተስቦ የሚተው ሳይሆን ጥቂት በጥቂት እየተሳበ የሚሄድ ነው። በኃይል የተሳበ እንደሆነ አውሮፕላኗ እንደገና ከፍ ትልና ፍጥነቷ እዚያው ተሟጦ ልትወድቅ ትችላለች። ያን ጊዜ ሞተሩን ሙሉ ጉልበት ሰጥቶ መነሳትና ዞሮ መምጣት ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ተማሪው እንደ ሽንፈት ሊቆጥረው አይገባም። በጣም ፈጥና የመጣች ደግሞ አላርፍም ትላለች። የክንፏ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 11 ሜትር ነው፤ ከዚያ ባነሰ ከፍታ ላይ መሬቱ ከክንፍ ጫፍ የሚጠማዘዘውን አየር ስለሚገታው ወደ ኋላ የሚጎትታት ኃይል ይቀንሳል፣ ማኮብኮቢያው ከሥሯ እያለቀ እሷ ትንሳፈፋለች።

እንደ ቦሌ ባለ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ቦታ ለማረፍ የሚመጣ ተማሪ ሌላም ነገር ይገጥመዋል። አየሩ ስስ በመሆኑ የፍጥነት መለኪያው 65 ኖት እያሳየው፣ ነፋስ ባይኖር መሬቱን የሚያልፈው ከ70 ኖት በላይ ነው። ዓይኑ «ፈጥነሃል» ይለዋል፤ እሱ ግን መለኪያውን ማመን አለበት።

ዋና ጎማዎቹ አስፋልቱን ሲነኩም ሥራው አላለቀም። እጁ መሪውን እንደሳበ ይቆያል፤ ፍጥነቷ ሲደክም የፊት ጎማዋ በራሱ ጊዜ ይወርዳል።