የኢሜይል አድራሻ ማረጋገጥ

የኢሜይል አድራሻ ማረጋገጥ በድረ ገጽ ቅጽ ላይ የተሞላ አድራሻ በደንቡ መጻፉን፣ መልእክት መቀበል መቻሉንና የሞላው ሰው የራሱ መሆኑን የመፈተሽ ሥራ ነው። ሦስቱ ለየቅል ናቸው፤ ብዙ የሶፍትዌር ባለሙያዎች ግን የመጀመሪያውን እንደጨረሱ ሁሉም ያለቀ ይመስላቸዋል።

አጻጻፉ በ@ ምልክት ለሁለት ይከፈላል። ከምልክቱ በፊት ያለው ስም እስከ 64፣ መላው አድራሻ እስከ 254 ባይት ሊረዝም ይችላል፤ በስሙ መሐል ነጥብም የመደመር ምልክትም ይፈቀዳል። ጣጣው የሚመጣው ኮዱ ከደንቡ በላይ ሲጠብቅ ነው። ከ@ በኋላ አንድ ነጥብ ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም በ«ነጥብ ኮም» የሚያበቃውን ያሳልፍና የኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲንና የሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲን አድራሻዎች ይመልሳል፤ የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች አድራሻ «ነጥብ ኢዲዩ ነጥብ ኢቲ» ብሎ ነው የሚያበቃው።

የስልክ ኪቦርድም የራሱን ያክላል። ቃሉን ከጥቆማው ለመረጠ ሰው መጨረሻ ላይ ክፍት ቦታ ይጨምርለታል፤ ቅጹ «ትክክለኛ ኢሜይል ያስገቡ» እያለ ይመልሰዋል፤ ሰውየው አድራሻውን ደጋግሞ ቢያይ ስሕተት አያገኝበትም። ክፍት ቦታውን ቆርጦ መጣል ለፕሮግራሙ የአንድ መስመር ሥራ ነው።

የግዕዝ ፊደል በ1999 (እ.ኤ.አ.) በዩኒኮድ 3.0 ገባ፤ በ2012 ደግሞ ከላቲን ውጭ በሆነ ፊደል የተጻፈ የኢሜይል ስም የሚፈቅደው ደንብ፣ ቁጥር 6531፣ ወጣ። ሆኖም ብራውዘሮች ለኢሜይል ሳጥን ለዓመታት የተጠቀሙበት የኤችቲኤምኤል መመዘኛ ከ@ በፊት የሚቀበለው የላቲን ፊደላትን፣ አኃዞችንና ጥቂት ምልክቶችን ብቻ ነው። ቢፈቀድም ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል፦ «ዓለም» እና «አለም» ለአንባቢ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር ሁለት አድራሻ ናቸው።

መልእክት ተቀባይ ሰርቨር መኖሩ ከዶሜይኑ መዝገብ ይታያል። ባለቤትነት ግን በዚህ አይታወቅም። ኢሜይል የሌለው ሥራ ፈላጊ ቅጹን በኢንተርኔት ቤት ሲያስሞላ የጸሐፊውን አድራሻ ሊያስገባ ይችላል። አጻጻፉ እንከን የለውም፣ ሰርቨሩም ይሠራል፤ የፈተና ጥሪው የሚደርሰው ግን ለሌላ ሰው ነው።

ስለዚህ የሚያስተማምነው መንገድ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል፣ ጊዜው የሚያልፍ ሊንክ ወይም ኮድ ወደ አድራሻው መላክ ነው። ከኢሜይል ይልቅ ስልክ በሚበዛበት በአገራችን ቅጽ የሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት ኢሜይልን ግዴታ ባያደርግና በአጭር መልእክት የሚላክ ኮድን በአማራጭነት ቢያቀርብ ይመረጣል።