በክረምት መውጫ ለሚተከል አትክልት፦ ለኅዳርና ለታኅሣሥ ገበያ በቡሹሎ ምን ይመረጥ?

በሀዋሳ ሐይቅ አቅራቢያ በምትገኘው ቡሹሎና በከተማዋ ዙሪያ ለሚገኙ አትክልት አምራቾች ነሐሴና መስከረም የውሳኔ ወራት ናቸው። ከመስከረም በኋላ ዝናቡ እየቀነሰ ይሄዳል። የአትክልት ተፈላጊነት ግን ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ ይጨምራል፤ እስከ ገና ዋዜማም ይዘልቃል። ስለዚህ አምራቹ ዘር ከመግዛቱ በፊት ሁለት ነገሮችን ማስላት ይኖርበታል፦ ሰብሉ የሚደርስበትን ቀን እና ዝናቡ ካቆመ በኋላ የሚያስፈልገውን ውሃ።

ለጾሙ የሚደርሱ

ከነሐሴ 15 እስከ ኅዳር 15 ያለው ጊዜ ጳጉሜንን ጨምሮ 95 ቀን ነው። ካሮት ከ90 እስከ 110 ቀን ስለሚፈልግ በነሐሴ አጋማሽ በቀጥታ በማሳው ላይ ቢዘራ ለጾሙ መግቢያ ይደርሳል። ቡቃያው ሲጠነክር በተክሎች መካከል 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲቀር ማሳሳት ያስፈልጋል።

ጥቅል ጎመን በመደብ ላይ አንድ ወር ያህል ይቆያል። ነሐሴ 1 የተዘራ ዘር መስከረም 1 ወደ ማሳ ሊዛወር ይችላል፤ ከዚያም ከ75 እስከ 90 ቀን ውስጥ፣ ማለትም ከኅዳር አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ መግቢያ ለገበያ ይበቃል። በመስመሮች መካከል 60፣ በተክሎች መካከል 40 ሴንቲ ሜትር መተው ተገቢ ነው። በመስከረም መጀመሪያ የተዘራ ቀይ ሥርም በኅዳር አጋማሽ ይደርሳል። ቆስጣ ሁለት ወር ያህል ስለሚበቃው እስከ መስከረም አጋማሽ ሊዘራ ይችላል፤ ቅጠሉም በየጊዜው እየተቆረጠ ይሸጣል።

ጥንቃቄ የሚሹ

ሽንኩርት ብዙዎችን የሚያሳስት ሰብል ነው። በመደብ ላይ 50፣ በማሳ ላይ ደግሞ 100 ቀን ያህል ስለሚወስድ በነሐሴ አጋማሽ የተዘራው የሚደርሰው በጥር፣ ማለትም ጾሙ ካለቀ በኋላ ነው። በደረቁ ወራት በሙሉም መስኖ ይጠይቃል።

ቲማቲም በመስከረም መጀመሪያ ከተዛወረ በኅዳር መለቀም ሊጀምር ይችላል። ይሁንና የመስከረም እርጥበት ቅጠሉንና ፍሬውን ለሚያጠቃ የሻጋታ በሽታ ያጋልጠዋል። ተክሉን በእንጨት ደግፎ ከመሬት ማንሳትና አራርቆ መትከል ጉዳቱን ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2012 በኢትዮጵያ መኖሩ የተረጋገጠው ቱታ አብሶሉታ የተባለው ተባይም ክትትል ይፈልጋል። ድንች ከሀዋሳው 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ይልቅ እንደ ሁላ ያሉ የሲዳማ ደጋማ ወረዳዎች ይስማሙታል።

የውሃው ጉዳይ

የሀዋሳ ሐይቅ ውሃ ጨዋማ ባይባልም አልካላይን ባሕርይ አለው። ከሐይቁ በፓምፕ የሚያጠጣ አምራች ካሮት፣ ሽንኩርትና ፎሶሊያ ለጨው ስሱ መሆናቸውን፣ ቀይ ሥርና ቆስጣ ግን የተሻለ እንደሚቋቋሙ ማወቁ ይጠቅመዋል።

መስኖ የሌለው አርሶ አደር በነሐሴ ቦሎቄ መዝራት ወይም የስኳር ድንች ሐረግ መትከል ይችላል። ስኳር ድንች ከአራት እስከ አምስት ወር ስለሚቆይ ለጾሙ መግቢያ አይደርስም፤ ሥር ከሰደደ በኋላ ግን ድርቀትን ይቋቋማል። ብርቱካናማ ሥጋ ያላቸው “ኩልፎ” እና “ቱላ” የተባሉት ዝርያዎች ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ንጥረ ነገር በብዛት ይዘዋል።

የሀዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም። ከማሳ የሚታጠብ አፈር፣ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ መጨረሻው እዚያው ነው። ዓሣውም የሚበላው ከዚሁ ሐይቅ ነው። በዳርቻው ሣርና ዛፍ ያለበት መሬት ሳይታረስ መተውና የመርጫ መሣሪያን ሐይቁ ውስጥ አለማጠብ ያስፈልጋል።

በአንድ ቀን አለመዝራት

ሁሉም አምራች ለኅዳር 15 ብቻ ከዘራ ምርቱ በአንድ ሳምንት ገበያውን ያጥለቀልቅና ዋጋው ይወርዳል። ማሳን ለሁለት ወይም ለሦስት ከፍሎ በ15 ቀን ልዩነት መዝራት ምርቱን እስከ ገና ያዳርሳል። ጎመን በነበረበት መሬት ላይ ጎመን አለመድገምም የተባይ ጫናን ይቀንሳል።

መሬት የሌለው የከተማ ነዋሪ ደግሞ አፈርና የበሰበሰ ፍግ በሞላው ጆንያ ላይ ቆስጣና ሰላጣ ሊያበቅል ይችላል። ሰላጣ ጥሬውን ስለሚበላ በንጹሕ ውሃ እንጂ ከፍሳሽ ቦይ በተቀዳ ውሃ መጠጣት የለበትም።