ምራቅና አክታ መትፋት፦ ባህላዊ ትርጉሙና የጤና ጥንቃቄው

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎና በሌሎች የወለጋ ከተሞች መትፋት እንደ ሁኔታው ምርቃትም ነውርም ሊሆን ይችላል። ይህ ጽሑፍ የልማዱን ትርጉም ያብራራል፤ ሳልና አክታ ላለባቸው ዜጎችም የሚያገኙትን አገልግሎት ይጠቁማል።

ሰዎች ለምን ይተፋሉ?

ጤነኛ ሰው በቀን ከ0.5 እስከ 1.5 ሊትር ምራቅ ያመነጫል፤ አብዛኛውን ሳያስተውለው ይውጠዋል። አንዳንድ ነፍሰ ጡር እናቶች በማቅለሽለሽ ሳቢያ፣ ጫት ቃሚዎችና አጫሾች ደግሞ ከልማዳቸው የተነሣ አዘውትረው ይተፋሉ። አክታ ግን ከሳንባና ከአየር ቧንቧ የሚወጣ በመሆኑ የሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል።

ባህላዊ ትርጉሙ

በኦሮሞ ባህል አረጋውያን ልጆቻቸውን ሲመርቁ «ቱፍ» ይላሉ። በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድም «እንትፍ እንትፍ» ብሎ መመረቅ የቆየ ልማድ ነው። በኬንያና በታንዛኒያ የሚኖሩ ማሳዮችም ሕፃናትን በዚሁ መንገድ ይባርካሉ። በአንጻሩ በሰው ላይ መትፋት ከባድ ንቀት ነው፤ በሳልና አስተዋይ ሰውም «ምራቁን የዋጠ» ይባላል።

ከጤና አንጻር

የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) በአየር የሚተላለፍ በሽታ ሲሆን፣ ተሕዋሲው ሕመምተኛው በሚያስልበት፣ በሚያስነጥስበት ወይም በሚተፋበት ጊዜ ወደ አየር ይወጣል። ሮበርት ኮኽ ተሕዋሲውን ማግኘቱን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1882 ነው። ኢትዮጵያ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 የዓለም አገሮች አንዷ ናት።

ማንኛውም ዜጋ ሊያደርገው የሚገባ ጥንቃቄ

• በመንገድ፣ በገበያ፣ በመናኸሪያና በተሽከርካሪ ውስጥ አለመትፋት፤
• በሚያስሉበት ጊዜ አፍንና አፍንጫን በመሐረብ ወይም በክንድ መሸፈን፤
• አክታን ክዳን ባለው ዕቃ ወይም በሶፍት ተቀብሎ በአግባቡ ማስወገድ፣ እጅንም በሳሙና መታጠብ፤
• ሳል ያለባቸው አረጋውያን ምርቃታቸውን በቃል ብቻ ቢሰጡ ይመረጣል፤ የምርቃቱ ክብር በዚህ አይቀንስም።

ምርመራና ሕክምና

ሳል ለ2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ በተለይም ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ ወይም ደም የተቀላቀለበት አክታ ካለ፣ ሳይዘገዩ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ለምርመራ የሚፈለገው ምራቅ ሳይሆን ከደረት በጥልቅ ሳል የሚወጣ አክታ ነው። አፍን በውሃ ተጉመጥምጦ፣ ከሰው ራቅ ብሎ ገላጣ ቦታ ላይ፣ ከጤና ተቋሙ በሚሰጠው ዕቃ ውስጥ ማውጣት ይገባል።

በመንግሥት ጤና ተቋማት የቲቢ ሕክምና በነፃ ይሰጣል። መድኃኒት ያልተላመደ ቲቢ አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር ሕክምና ይድናል። ሕመሙ ስለተሻለ ብቻ መድኃኒቱን ማቋረጥ አይገባም። ሳልን በሐፍረት መደበቅ ራስንም ቤተሰብንም ለአደጋ ስለሚያጋልጥ፣ ጥርጣሬ ያለው ሰው የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቢያማክር ተገቢውን መረጃ ያገኛል።